የአራስ ቀጠሮ

በሕክምና ትምህርት ድኅረ ወሊድ የሚባለው ጊዜ የእንግዴ ልጁ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 42ኛው ቀን ያለው ነው፤ ሐኪሞች ይህን ቁጥር ያወጡት ማህፀንና የቀረው አካል ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስበትን ጊዜ መዝነው ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አያቶች ግን መጽሐፍ ሳይገልጡ በሁለት ቀን ልዩነት ደርሰውበታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ አራሲቱ በልማድ እስከዚያ ድረስ ከቤት ርቃ መሄድን አትደፍርም፤ በሙስሊሙም ቤት አራስነት ብዙውን ጊዜ 40 ቀን ተብሎ ይቆጠራል። ቤተሰብና ጤና ጣቢያ የሚጣሉት እንግዲህ ሴት ልጅ የተወለደች እንደሆነ ነው፤ ጤና ጣቢያው በ45ኛው ቀን ለክትባት ሲጠራ፣ በአያቲቱ አቆጣጠር አራሲቱ ገና 35 ቀን ይቀራታልና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ያለ ችግር የተገላገለች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንደገና እንድትታይ ይመክራል። ይሁንና ከእነዚህ ቀጠሮዎች የመጀመሪያው የሚውለው ገንፎው በሚገነፋበት፣ አጥሚቱ በሚፈላበትና ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ በሚጎርፍበት ሰሞን ስለሆነ ያን ሁሉ ጠያቂ ትቶ ወረፋ ለመያዝ መውጣት ከነውር የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ከገንፎ ጋር መፎካከር እንደማያዋጣ ተረድተው ገንፎውን በግቢያቸው ማገንፋት፣ ቡናውንም ማፍላት ጀምረዋል፤ ይህም ከተደረጉት የሕክምና ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ አስተዋይ ከሆኑት አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ብትሆን ቦርሳዋን ከመክፈቷ በፊት ከገንፎው መቅመስ ግዴታዋ ነው።

ወደ ምርመራው ክፍል የምትገባው አራስ ብርድና ምች እንዳያገኛት (ምች በልማድ አነጋገር ፀሐይና ሽታ በድንገት ያመጡታል የሚባለው ሕመም ነው) ቀሚስ ላይ ሹራብ፣ ሹራብ ላይ ነጠላ፣ ነጠላ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ራሷን በሻሽ ጠምጥማ፣ ጤና አዳም በእጇ ጨብጣ ስለሆነ የደም ግፊት መለኪያውን ለማሰር ክንዷን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። አዋላጅ ነርሷ፣ ሁሉም ሰው ሲስተር የሚላት፣ ክንዱን ካገኘችው በኋላ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ ውስጡን ታያለች፤ ቀላ ካለ ደግ ነው፣ ከነጣ ግን የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላልና የአይረን እንክብል ያስከትላል። ከዚያ እጇ ወደ ሆድ ይወርዳል። ከወሊድ በኋላ ወዲያው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውና እምብርት አካባቢ የሚዳሰሰው ማህፀን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዳሌ ውስጥ ወርዶ ከእጅ ይሰወራል፣ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ 100 ግራም ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በአራስ ቤት ክብደት የሚቀንሱት እንግዲህ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይህ ማህፀን ሲሆን ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልደት ክብደቱ እስከ አሥር በመቶ ሊያጣ የሚችለው ሕፃን ነው፣ እርሱም ቢሆን በደንብ ከጠባ በሁለት ሳምንት ገደማ ያጣውን ይመልሳል፤ የቀሩት፣ ጠያቂዎቹን ጨምሮ፣ በገንፎና በቅቤ ይፋፋሉ።

ምርመራው ከእጅ ወደ አፍ ሲሻገር ነገሩ ይከብዳል። «እንዴት ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ የጨዋ ልጅ መልስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ይህም ምስጋና እንጂ የጤና መረጃ ባለመሆኑ ስፌቷ የመረቀዘባትም፣ ጡቷ ያበጠባትም፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረችም እኩል ይመልሱታል። ያ አልበቃ ብሎ፣ አብረው የመጡት አማት የአራሲቱን እንቅልፍም ሽንትም በተመለከተ ቀድመው ያስረዳሉ፣ መሐል ላይም «እኛ ሰባት ስንወልድ ማን ጠየቀን» የምትል ወቀሳ ጣል ያደርጋሉ። ስለዚህ ልምድ ያላት ሲስተር «እንዴት ነሽ» ማለቱን ትታ «ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል? ስትቀመጪ ስፌቱ ይወጋሻል? የሚፈስሽ ነገር ይሸታል?» እያለች ምስጋና በማይመለስበት መንገድ ትጠይቃለች። የመንፈስ ጭንቀትን ለመለየት በ1987 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅም በዚሁ ስልት ይሄዳል፤ አሥር ጥያቄዎች ያሉት፣ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው፣ ከመሳቅ ተነሥቶ ራስን እስከ መጉዳት ሐሳብ ድረስ የሚያዘልቅ ሲሆን በአማርኛም በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ተፈትኗል። ከአራቱ የመልስ አማራጮች ውስጥ «ይመስገን» የሚል የለም።

ቀልድ የማይመጥነውም አለ። የአራስ ራስ ምታት በየቤቱ በጠያቂ ብዛት፣ በቡና መቅረት ወይም በምች ይተረጎማል፤ ነገር ግን የበረታ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ሲመጣ ፕሪኢክላምፕሲያ የተባለው ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይህም ልጅ ከተወለደ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊነሣና ወደ ማንቀጥቀጥ ሊያደርስ ስለሚችል ጤና አዳም አይመልሰውም። ፓድ ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ እንዲሁም ሕፃኑ ጡት እንቢ ማለቱ ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ናቸው።

የመጨረሻው ርእስ የቤተሰብ ምጣኔ ነው። ከአንዱ ልደት እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመከራል፤ ጡት ማጥባት ብቻውን የሚከላከለው ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ውሃ እንኳ ሳይጨመር ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ሳይመለስ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የወር አበባን ገና ሳያዩም ማርገዝ ይቻላል። ይህ ሲነገር ባል፣ አብሮ ከመጣ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሠንጠረዥ በድንገት በጥሞና ማንበብ ይጀምራል፣ አማትም «ገና አንድ ወልዳ?» ብለው ይነሣሉ። ብልኋ ሲስተር በዚህች ሰዓት ሕፃኑን አማት ይዘውት ወደ ክትባት ክፍል እንዲሄዱ በታላቅ አክብሮት ትለምናቸዋለች፤ በዚያም በአንዱ ጭን ከአምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ በሌላው የሳምባ ምች ክትባት ይወጋል፣ የሮታና የፖሊዮ ጠብታ በአፍ ይሰጣል፣ የሚያለቅሰውን ማባበልም ጊዜ ይወስዳል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውንና ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን አንድ የእርግዝና መከላከያ ዘንግ ለማስገባት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ አማት ሕፃኑን አቅፈው ሲመለሱ ምራታቸው ሹራቡን፣ ነጠላውንና ጋቢውን በየተራው መልሳ ደርባ ትጠብቃቸዋለች፣ እርሳቸውም ብርድ እንዳይመታት ጋቢውን በፋሻው ላይ ይበልጥ ያጠብቁላታል።