ጉድን ሸሽጎ የማቆየት ዘዴ

የሲስተማችሁ ጉድ ሳይጋለጥ እንዲከርም ከፈለጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ አትልቀቁ። ስድስት ወር ሙሉ ኮድ አከማቹና ሁሉንም በአንድ ሌሊት ጫኑት። በየሳምንቱ አንዲት ለውጥ የሚለቅ ቡድን ሲስተሙ ሲበላሽ የትኛዋ እንዳበላሸችው ወዲያው ያውቃል፤ የጻፋትም ሰው ገና አልረሳትም። ሦስት መቶ ለውጥ አንድ ላይ ከወጣ ግን ጥፋተኛው አይገኝም፤ ሁሉም ንጹሕ ነው።

ትልቁ ጥቅም ግን ባጉን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱን መሸሸጉ ነው። ቴስቱ በእጅ ተሠርቶ ሳምንት ይፈጃል፣ ፈቃዱ አምስት ፊርማ ይጠይቃል፣ ሰርቨር ላይ መጫን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው እንበል። በዓመት ሁለቴ የሚለቅ ክፍል ይህን ሁሉ እንደ ወግ ይችለዋል። በየሳምንቱ ልልቀቅ ያለ ክፍል ግን ሳምንቱ ፊርማ ሲያሳድድ ያልቅበታል፤ ችግሩም ያፈጥበታል። «እያንዳንዱ ሪሊዝ ወጪ አለው፤ ማብዛቱ ኪሳራ ነው» የሚሉ አሉ። ለዛሬ ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ወጪው ሳይቀንስ የሚኖረው ማንንም አዘውትሮ ስለማያም ነው። ደጋግሞ ያመመው ክፍል ቴስቱን ለማሽን ይሰጣል፣ ፊርማውን ይቀንሳል። እዚያ እንዳትደርሱ ሕመሙን አራርቁት።

«ባንክ በቁራሽ አይሞከርም» ለሚለውም ምስክር አለላችሁ። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. 5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አሻገረ። ብዙዎቹ ከሒሳባቸው ውጭ ተቆለፈባቸው፤ ከሁለቱ ዳታ ሴንተሮች በወጉ የተፈተሸው አንዱ ብቻ እንደነበረም በኋላ በምርመራ ታወቀ። ቅጣቱ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። አስቀድሞ ጥቂት ሺህ ደንበኛ ቢያሻግሩ ኖሮ ያው ጉድለት በርካሽ ይገኝ ነበር። እርግጥ ሊቆራረጥ የማይችል ሥራም አለ፤ ሕግ በአንድ ቀን ሲጸና ስሌቱም በዚያው ቀን መቀየር አለበት። ዝግጅቱን ግን ከፋፍሎ መፈተሽን የሚከለክል የለም። «አይቆራረጥም» የሚለው ምክንያት ለጥቂት ሥራ እውነት ስለሆነ እናንተ ለሁሉም ተጠቀሙበት።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በመደበኛ ማሻሻያና ፍተሻ ሰበብ ሲሳሳት፣ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ያወጡት በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ወሬውም በስልክ ከግቢ ግቢ ተዳረሰ። ሲስተም ፈታሽ አያጣም። ቀድማችሁ በትንሹ ካልፈተሻችሁት ደንበኛው በትልቁ ይፈትሽላችኋል፤ ያውም ደመወዝ ሳይጠይቅ።