ቆሎ የማይደፍር ጥርስ

ጎረቤታችን ጥርሷን አሠርታ ከመጣች ወዲህ መብራት ቢጠፋም ሰፈራችን አይጨልምም። የፊቶቹ ስምንቱ እንደ አዲስ ስኒ ያብረቀርቃሉ። ደረጃ ላይ ስታገኘን ከሰላምታው በፊት ፈገግታው ይቀድማል፣ እኛም ሳንጠየቅ እናደንቃለን። አንድ እሑድ ግን ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲዞር እጇን ዘረጋችና መለሰችው። «እየጾምኩ ነው» አለች። ቆሎ ፍስክ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እሷን ብቻ አልቦጭቅም፤ እኔም ቀንቼ በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ፀጉር ቤት የገባሁ ይመስል ስልኬን አውጥቼ የአንዲት ተዋናይ ፎቶ አሳየሁና «ዶክተር፣ እንዲህ ያድርጉልኝ» አልኩ። ሐኪሙ ፎቶውን በወጉ እንኳ ሳያይ ስስ ሰማያዊ ወረቀት ጥርሴ መሐል ከቶ «ይንከሱ» አለኝ። ቀበሌ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ጠበቅ አድርጌ ነከስኩ። ቀለሙ አንዲት የፊት ጥርሴ ላይ ተከማችቷል። ለካ አፌን ስገጥም ሸክሙን ሁሉ የምትችለው እሷ ናት። ቬኒር የሚሉት ስስ ሽፋን እዚያ ላይ ቢለጠፍ ለአንድ ዳቦ ቆሎ እንኳ አይበረክትም። ለመለጠፍም ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ትንሽ ይሞረዳል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም።

«ሌሊት ጥርስ ያፋጫሉ?»

«እኔ? በፍጹም!»

አብራኝ የመጣችው እህቴ ሳል ያዛት። «ዶክተር፣ ከእሷ ጋር ያደረ ሰው ወፍጮ ቤት ያደረ ነው የሚመስለው።»

አያቶቻችን እኮ ብልሆች ነበሩ፤ ድዳቸውን ተነቅሰው ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ያደርጉ ነበር፣ ጥርሱን ማንም ሳይነካው። ፍንጭትማ ስንት ተዘፍኖላታል! ዛሬ እንደ ግድግዳ ስንጥቅ ትደፈናለች።

ሐኪሙ «መጀመሪያ ሽቦ፣ ከዚያ ውበት» አለ። «ስንት ጊዜ?» ብለው «ዓመት ተኩል ገደማ» አይለኝም! የእህቴ ልጅ ሰርግ እኮ የቀረው 3 ሳምንት ነው።

«ዶክተር፣ ሰርግ ላይ ጥርሴ ሲገለጥ እንጂ ሲገጥም ማን ያየዋል?» ብዬ ተከራከርኩ።

«ሲበሉስ?» አለኝ።

ጥሬ ሥጋው ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ከክሊኒኩ የወጣሁት ማታ ማታ ነክሼው የምተኛ የፕላስቲክ መከላከያ ታዝዞልኝ ነው። ሰርጉ ላይ ጎረቤቴ ፎቶ ስትነሣ፣ እኔ ስበላ አመሸን።

የፊታችን እሑድ ቡናው እኔ ቤት ነው። ለእሷ ለስላሳ ድፎ ዳቦ ይኖራል። ቆሎው ለምትደፍሩ ነው።