የጣና ደንገልና አያ ጉማሬ

በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ጣና ከዳርቻው ሸሸ። ያለፈው ክረምት ዝናብ አንሶ ነበር። በዚያ ላይ በ1988 ዓ.ም. በተሠራው የጨረጨራ ግድብ በኩል የሚለቀቀው ውኃ ወርዶ የጢስ ዓባይን ተርባይን ያሽከረክር ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 1786 ሜትር ግድም ላይ ተኝቶ የኖረው ሐይቅ ከ1785 በታች ወረደ፤ መርከቦቹም ለወራት ቆሙ። የባሕር ዳር ደንገል እግሩ በውኃ እንዳልኖረ ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ተገትሮ ቀረ። ይህ ሁሉ የሆነ ነገር ነው። ተረቱ ደንገሉ መናገሩ ብቻ ነው።

አያ ጉማሬ በዚያ ዓመትም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጥልቅ ላይ ነበር፤ ውኃ እስከ ጆሮው። ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ሲወጣ ደንገሉ ዘንድ ቆም ይልና ይመክራል።

«ልጆቼ፣ ታገሡ። እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ አለው።»

«አሜን» አለ ደንገሉ። «ቃሉስ እውነት ነው። ግን አያ ጉማሬ፣ ስለ ትዕግሥት እርስዎ ሲናገሩ ውኃ ጥሙ ይብስብኛል።»

«ማማረር ኃጢአት ነው» አለው ጉማሬው። ሣሩን ጨረሰና ወደ ጥልቁ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሞፈርና ቀንበር ወደ ሸሸው ዳርቻ ወረደ። ደንገሉ በአንድ ወገን ታጨደ፣ በሌላው ተቃጠለ፤ ውኃ የለቀቀው መሬት ተከፋፍሎ ታረሰ። የበቀለው በቆሎ ክንድ ሳይሞላ አፍ አወጣ።

«የሄደ አይመለስም» አለ። «ይህን መሬት እግዚአብሔር ለእኔ ሰጥቶኛል። ጸሎቴ ተሰማ።»

በቆሎውን የዘራው ሰው ክፉ አልነበረም፤ እሱም ርቦት ነው። ግን እንዲህ ባለ ዘመን የእግዚአብሔር ስም ከብዙ አፍ ይወጣል። አንዱ የተጠማውን ዝም ለማሰኘት ይጠራዋል፣ ሌላው የጎረቤቱን ርስት ለመውረስ። ደንገሉ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሌሊት ሌሊት «እስከ መቼ?» ይላል። እኔ በበኩሌ በዚያ ዳርቻ ላይ ከተነገረው ሁሉ ጸሎት የምለው ይህንን ብቻ ነው።

በአንድ ሌሊት እመት ነጭ ዓሣ ከቀረው ውኃ ዳር ብቅ አለች። ነጭ ዓሣ እንደ አምባዛና ቀረሶ አይደለችም። የጣና ነጭ ዓሦች ወገናቸው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠርና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ፈልገው ይጥላሉ። ወንዙ ካልመጣ የእሷም ዘር የለም።

«ጋሼ ደንገል» አለች፣ «እርስዎ ረጅም ነዎት። የሚመጣ ነገር ይታይዎታል?»

«ምንም አይታየኝም። ሰማዩ ምጣድ ሆኗል።»

«ታዲያ ምን ይዘው ቆሙ?»

«ጭቃውን» አላት። «ከላይ ተሰነጣጥቋል። ሥሬ የደረሰበት ግን ገና ይቀዘቅዛል። ከየት እንደሚመጣለት አላውቅም፤ የያዘኝ እጅ እንዳልለቀቀኝ ግን በዚያ አውቃለሁ።»

«እኔ ሥር የለኝ።»

«አንቺ መንገዱን ታውቂያለሽ። ሂጂና የጉማራ አፍ ላይ ቁሚ።»

ሄደች፤ ቆመች። መጠበቅን ከቁጭ ብሎ ማዛጋት ጋር የሚያምታታ ሰው ካለ ዓሣዋን ይጠይቃት፤ ሆዷ እንቁላል ሞልቶ፣ በዙሪያዋ መረብ ተዘርግቶ ነው የጠበቀችው።

ሐምሌ ላይ ጉማራ መጣ። ግን ያሰቡት ዓይነት ውኃ አልነበረም። የደፈረሰ፣ አፈር የተሸከመ፣ ግንድና ግሳንግስ የሚያንከባልል ጎርፍ ነው። «የለመንነው ይህን ነው እንዴ?» አሉ የዳሩ ፍጥረታት፣ ከአፉም ሸሹ። ነጭ ዓሣ ጭቃውን በሽታው ለየችና ፊት ለፊት ገባችበት።

በየት በየት እንዳለፈች ረጅም ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ ስትደርስ ግን ያየችውን አየች። ዝናቡ የጀመረው ገና በሰኔ ነው፤ ደንገሉ «እስከ መቼ» ይል በነበረበት ሌሊት ጉና ላይ ይዘንብ ነበር። መጀመሪያ የተሰነጠቀው ዋልካ ጠጣ። ከዚያ ሣሩ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ የደረቁት ምንጮች። የእያንዳንዱ ጥም ሲቆረጥ የተረፈው ቁልቁል ወረደ።

ጠጠሩ ላይ እንቁላሏን ጥላ፣ ጥቅምት ላይ ስትመለስ ሐይቁ ከፍ ብሎ አገኘችው። የጣና ነገር ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ከፍ የሚለው ዶፉ በሚወርድበት ወር ሳይሆን ክረምቱ ወጥቶ፣ ደመናው ተገፎ፣ አደይ አበባ ከታየ በኋላ ነው።

«ዘገየ ያልነው ጊዜ» አለችው ለደንገሉ፣ «ከላይ ያሉትን ሲያጠጣ ነበር።»

ደንገሉ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቢነግሩን ምን ነበረበት?» አለ።

ለዚህ ዓሣዋ መልስ አልነበራትም። እኔም የለኝም።

ውኃው በቆሎ የቆመበት ድረስ ዘለቀ። ነገር ግን ደንገሉ ሁሉ አልተመለሰም። ሥሩ ጭቃ ውስጥ የቀረለት አቆጠቆጠ፤ ሥሩ የተነቀለውና የተቃጠለው እንደወጣ ቀረ። በዚያ ዳር ታንኳ ይሠሩ የነበሩ ወይጦዎች ደንገል ፍለጋ ራቅ ብለው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ጌታ በጊዜው ደርሷል፤ የጠፋውን ያጠፋው መዘግየቱ ሳይሆን ማጭዱ ነው።

አያ ጉማሬም አንድ ምሽት ከጥልቁ ወጥቶ፣ «ታገሡ ብዬ አልነበር?» እያለ በዳርቻው ዞረ። በየዓመቱም ይለዋል። አትመኑት፤ እሱ በዚያ ክረምት አንድም ቀን አልጠበቀም።