«ተጫወት እንጂ!»፦ ስለ አንድ የቤት ውስጥ ትእዛዝ የተደረገ ጥናት

እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ወንበር እንደያዘ ትእዛዝ ይደርሰዋል፦ «ተጫወት እንጂ!» ኳስ አልተሰጠውም፤ ገበጣም አልቀረበለትም። ታላቅ ሰው ከሆነ «ይጫወቱ እንጂ» ይባላል፤ ግዴታው ግን አይቀልለትም። የቤቱ እመቤት ይህን አውጃ «መጣሁ» ትልና ጓዳ ትገባለች።

የቃሉን ዘር በተመለከተ ሊቃውንተ ሰፈር ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ጨዋታ» ከ«ጨው» መጣ ይላል፤ ማስረጃው ጨው የሌለው ጨዋታ አለመጣፈጡ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን «ተጫወተ» መጨረሻው ላይ አንድ «ተ» አለበት፣ ጨው ደግሞ ከ«ው» አያልፍም። ሁለተኛው ወገን ከ«ጨዋ» ያመጣዋል። እነዚህኞቹ ጨዋታ አዋቂ የተባለ ሰው ከሁለተኛው ጠርሙስ በኋላ የሚያወራውን ሰምተው አያውቁም።

የግሡ መልክ የተሻለ ምስክር ነው። «ተጫወተ» ቁርጥ «ተሟገተ»ን ይመስላል፤ «ተዋጋ»ና «ተጣላ»ም ሩቅ ዘመዶቹ አይደሉም። ሁሉም ተቀናቃኝ ይሻሉ። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ብቻውን የቀረው ሰው በሰዋስው ሕግ የታዘዘውን ሊፈጽም አይችልም። ቴሌቪዥን የሚከፈትለት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከጠብ ጋር ያለው ዝምድና በገና ጨዋታ ላይ ይበልጥ ይታያል። ሩር በቆልማማ በትር ሲለጋ ቅልጥም መካከል ይገባል፤ የተመታው ጌታ ቢሆን እንኳ መቆጣት አይፈቀድለትም፤ ጨዋታ ነዋ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መዓዛ ብሩ የምታሰናዳው «የጨዋታ እንግዳ» ላይም ሰዎች እስራታቸውንና ስደታቸውን ሲተርኩ ይሰማል። ርእሱ ግር ያለው አድማጭ ግን አላጋጠመኝም።

አንዲት ፊደል ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሰው ጋር መጫወት ደግ ነው፤ በሰው መጫወት ሽማግሌ ያስጠራል። «ልትጫወትብኝ ነው?» ለሚል ሰው የዚህን ጽሑፍ የሰዋስው ክፍል ማንበብ አይመከርም።

ጥናቱን ያከበደው ለቅሶ ቤት ነው። ኀዘንተኛዋ አጠገብ አንዲት ጎረቤት ትቀመጣለች፤ «እስቲ አጫውቻት» ተብላ። እጇን ትይዛታለች፣ አንዳንዴ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ትላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትልም። ይህ ማጫወት ይባላል። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲበውዙ የሚያድሩት ወንዶች ግን ተጫወቱ አይባልም፤ እያስተዛዘኑ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አጭበርብረሃል!» ተባብለው የሚነሡትም ለማስተዛዘን ነው።