ስንት ገዛኸው?

ዘንድሮ ፋሲካን ያለ ግርግር እናሳልፍ ብለን ደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ቤተሰብ ተሰብስበን መከርን። ባለቤቴ ደብተር ይዛ ጸሐፊ ሆነች። ሽንኩርት ቀድሞ ይገዛል፤ ቅርጫውን ታናሽ ወንድሜ ይከታተላል፤ ዶሮ የኔ ድርሻ ነው፤ ከጸሎተ ሐሙስ ወዲያ ገበያ የሚወጣ የለም። ሁሉም ተጻፈ። የተረሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ገዛኸው?»

ታውቁታላችሁ። ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥላችሁ ገና ከበር ሳትገቡ ይቀበላችኋል። ምንም ብትሉ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ተሸውደሃል!»

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አልገዛም። ሾላ ገበያ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ላባ ገልጬ፣ ደረት ዳብሼ፣ አጥንቱ እጄን የወጋኝን እየመለስኩ ነው የመረጥኩት። አንዱ ገብስማ እጄን ነከሰኝ። ጉልበት አለው ብዬ 1,500 ብር ከፈልኩ። አምና ግን ተሸውደሃል ተብዬ እስከ ዳግም ትንሣኤ ስብሰለሰል ስለከረምኩ፣ ዘንድሮ ስጠየቅ «1,100» አልኩ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከሶፋው ቀና አለ። ተሸውደሃል አላለም። 2,200 ብር ቆጥሮ ሰጠኝና «በል ለኔም ሁለት ያዝልኝ፤ ለዳግም ትንሣኤ ይሆነኛል» አለ።

«ጋሼ፣ ነጋዴው እኔን ስለሚያውቀኝ እኮ ነው።»

«እንኳንም አወቀህ!»

ስቅለት ዕለት በስግደት የተብረከረከ ጉልበቴን እየጎተትኩ ሾላ ወረድኩ። ዋጋው ጨምሯል፤ ሁለቱ 3,300። የጎደለውን 1,100 ከኪሴ ሞላሁ። በውሸት የጠራሁትን ዋጋ ያህል፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ማታ አማቴ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ርካሽ ዶሮ አገኘህ አሉኝ።» ስልኬን አጠፋሁ።

ቆይ ግን፣ ጋሼን የዋጋ ዳኛ ያደረገው ማነው? ገበያ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። ኩሽና ቢገባ መብራቱ በየት በኩል እንደሚበራ አያውቅም። ቅዳሜ ባለቤቴ 5 ኪሎ ሽንኩርት ከትፋ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ቁሌቱ ላይ ቆማለች፤ እሱ ከሳሎን «አልደረሰም እንዴ?» ይላል። አንዲት ላባ ሳይነጭ፣ ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው ለማን እንደሚገባ ግን አሳምሮ ያውቃል! 55 ቀን የጾምነው ለዚህ ነው?

ይህን ሁሉ ኩሽና በር ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ነገርኳት። ማማሰሏን ሳታቆም «አንተስ?» አለችኝ።

ሽንኩርቱ አጠገቤ ነበር። ዓይኔን አቃጠለኝና ወጣሁ። በኋላ ተመልሼ እንቁላል ላጥኩ፤ ሦስቱን ቦጫጨቅኳቸው፤ ማንም ስንት ገዛኸው አላለኝም።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞሰቡን ከበብን። ማሰሪያ ቦታ የለኝም ተብሎ እኛው በረንዳ ላይ የታሰሩት የጋሼ ሁለት ዶሮዎች እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ጋሼ እንቁላል ያለበት ጉርሻ ጠቅልሎ ጉንጬ እስኪወጠር አጎረሰኝ። አንጀቴ ራሰ፤ ሰው እኮ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

«ቅቤውንስ ስንት ገዛኸው?»

አፌ ሙሉ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን በዓይኔ ጠየቅኩት።