ጭቃ የማይነካው ያማሃ

ጊንጪ ውስጥ «የሚሸጥ ሞተር አለ» ከተባላችሁ ስለ ዋጋው ለመጠየቅ አትቸኩሉ። ሰውየው የምሩን መሸጥ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሞተሩ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ጃፓኖቹ የሠሩት ለገበሬ ነው፤ ካቴናው ጭቃ እንዳይገባበት ዙሪያውን ተሸፍኗል፣ ከኋላው ሰፊ የዕቃ መጫኛ ብረት አለው። በየገጠሩ የግብርና ባለሙያና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሲፈነጭበት ኖሮ ሲያረጅ ለጨረታ ወጣ፤ የኛው ሰውም ያኔ ገዛው። ከዚያ ማደስ ጀመረ። ሰርባትዮው ስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀባ፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገባ፣ ፋሻው ተለወጠ፣ ቸርኬው ተወልውሎ ፊት ማሳየት ጀመረ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦሪጅናል ነው!»

«ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ይላል ለመጣው ሁሉ። አፍታ ሳይቆይ ደግሞ ፒስተኑን ከዱባይ ለማስመጣት ያየውን አበሳ ይተርካል። ያልተከፈተ ሞተር ውስጥ ፒስተን በየት በኩል እንደገባ የሚጠይቅ ደፋር እስካሁን አልተገኘም፤ ቡናው እየተቀዳ እንዴት ይጠየቃል?

ከታደሰ ወዲህ ያማሃው ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ጊንጪን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ተጋድሎ እንደሆነ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ጤፍ አብቃይ በሆነ ጥቁር አፈር የተከበበች ናት፤ በሐምሌ ከአስፋልቱ ወረድ ያለ ሰው እግሩን ሲያነሳ ጫማው እዚያው ይቀራል። ለዚህ ጭቃ የተፈጠረው ሞተር ግን ክረምቱን በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ይከርማል። ባለቤቱ ገበያ የሚወጣው በባጃጅ ነው። (ጋቢው የማን እንደነበር ሚስቱን አትጠይቋት።)

ዋጋውማ ጉድ ነው። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሰውየው ጠዋት ጠዋት የባንክ ምንዛሪ ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። ዶላር ሲጨምር ያማሃው ይጨምራል፤ ዶላር ቢቀንስም ያማሃው አይቀንስም። በብር፣ ያውም በድሮው ብር እንደተገዛ ትዝ አይለውም። በሱ ብቻ አልፈርድም። በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በዚያው ዓመት ከተከለከለ ጀምሮ አሮጌ ቪትዝ ያለው ሰው ሁሉ አነጋገሩ ተለውጧል።

ገዢ አይጠፋም። ግን አብዛኛው የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይጭናል?» ብሎ ነው፤ «ሁለት ኩንታል ጤፍ ዳገት ላይ ይችላል?» ይህን ሲሰማ የሰውየው ፊት ይጠቁራል። እሱ የሚፈልገው ስለ ቀለሙ የሚጠይቀውን፣ ድምፁን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠውን ነው። ለዚህኛው እንግዳ ጋቢው ይገለጣል፣ ሞተሩ ይነሳል። ቱ ስትሮክ ስለሆነ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል፤ ሰማያዊው ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ሲያስል ሁለቱ በደስታ ይተያያሉ። ይህ እንግዳ ታዲያ ሁልጊዜም ብር የሌለው ነው።

አንድ ጊዜ ግን ደላላ ያመጣው አንድ ወጣት የእህል ነጋዴ የተጠራውን ዋጋ ያለ ክርክር ተቀበለ። ሰውየው ደነገጠ።

«ሊብሬው ገና በድርጅቱ ስም ነው፣ ማዞሩ ጊዜ ይወስዳል» አለ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ እጠብቃለሁ።»

«ቦሎውም አልታደሰም።»

«እኔ አሳድሳለሁ።»

ሰውየው ስልኩን አወጣ፣ ምንዛሪውን አየ፣ ሃምሳ ሺህ ብር ጨመረበት። ደላላው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ነጋዴው የህንዱን ቦክሰር ገዛ። ዛሬ ሁለት ኩንታልና አንድ ሰው ጭኖ፣ እስከ መሪው ጭቃ ለብሶ፣ ከኦሎንኮሚ ጊንጪ ሲመላለስ ይታያል። ባለ ያማሃው መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር አንገቱን ያወጣና «አሁን ይሄም ሞተር ተብሎ!» ይላል፣ ከባጃጁ ውስጥ።