የረጅሙ የእግር ጉዞ ውድድር አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች ረጅሙ የእግር ጉዞ ውድድር ከአባቱ ከአቶ ውርርድና ከእናቱ ከወይዘሮ እልህ እንግሊዝ አገር ተወለደ። ፎስተር ፓወል የተባለ የጠበቃ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1773 ከለንደን ዮርክ ደርሶ መልስ 400 ማይል ያህሉን ስድስት ቀን ሳይሞላው ሲጨርስ፣ ሕፃኑ ሳይድህ መራመዱ ለሁሉም ታወቀ።

በ1809 ስኮትላንዳዊው ካፒቴን ባርክሌይ በኒውማርኬት 1000 ማይል በ1000 ተከታታይ ሰዓት ሄዶ በውርርድ 1000 ጊኒ በላ። በሰዓት አንድ ማይል ለሽማግሌም አይከብድም፤ የከበደው እንቅልፍ ነው። ካፒቴኑ የአንዱን ሰዓት ማይል በመጨረሻው፣ የተከታዩን በመጀመሪያው ላይ እየሄደ በመሃሉ ሸለብ ያደርግ ነበር። እንዲህ እያለ ስድስት ሳምንት ገደማ ከረመ።

ሟች ለአቅመ አዳም የደረሰው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። በ1864 ኤማ ሻርፕ የወንድ ልብስ ለብሳ ብራድፎርድ አጠገብ የባርክሌይን 1000 ማይል ደገመችው። አትችልም ብለው የተወራረዱ ሰዎች እንዳይጎዷት ስለተፈራ የመጨረሻዎቹን ቀናት ሽጉጥ ይዛ ተራመደች። የአባቱ ጠባይ ገና ያኔ ታይቶ ነበር፤ ልብ ያለው አልነበረም እንጂ።

ስመ ጥር ያደረገው የስድስት ቀኑ ውድድር ነው። ስድስት የሆነው ሰንበት መሻር ነውር ስለነበረ ነው። ሰር ጆን አስትሊ በ1878 ያዘጋጁት፣ ለአሸናፊው ቀበቶ የሚሸለምበት የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በለንደኑ አግሪካልቸራል ሆል፣ የከብት ትርኢት በሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ተወዳዳሪው በትምባሆ ጭስ መካከል ሌት ተቀን ክቡን ሲዞር፣ ሲደክመው ዳር ባለች ድንኳኑ ጥቂት ሲያሸልብ፣ ሕዝቡ ገንዘብ ያስይዛል። አየርላንድ የተወለደው ዳንኤል ኦሊሪ 520 ማይል ሄዶ ቀበቶውን ታጠቀ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን ደግሞ ቀደም ብሎ በ1876 እዚያው ለንደን ሲሄድ የኮካ ቅጠል በማኘኩ ሐኪሞችን አነታርኳል።

በ1888 እንግሊዛዊው ጆርጅ ሊትልዉድ ኒውዮርክ ላይ በስድስት ቀን 623 ማይል ከሦስት ሩብ አስመዘገበ፤ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ያኔ ሕጉ እንደ ልብ ይሁን የሚል ስለነበረ መሮጥም ይፈቀድ ነበር። ይህን ክብረ ወሰን እስከ 1984፣ ግሪካዊው ያኒስ ኩሮስ እስኪመጣ ድረስ፣ የደፈረው አልተገኘም።

ሟች በእነዚያው ዓመታት ሕመም አደረበት። የሕመሙ ስም ብስክሌት ይባላል። ተመልካቹ ስድስት ቀን ሙሉ የሰው ማነከስ ከሚያይ ጎማ ሲሽከረከር ማየት መረጠ፤ ውርርዱም ተከትሎት ሄደ። እውነቱን ለመናገር ገዳዩ ጎማው አይደለም፣ አባቱ ነው። ድሮም ወደ ትርፉ እንጂ ወደ ልጁ አላየም።

ሟች በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ የገባውን የርምጃ ውድድርን ጨምሮ ልጆች ተክቷል። ረጅም ዕድሜ የታደለው ወዳጁ ዌስተን ሰባ ዓመት አካባቢ ሆኖት በ1909 ከኒውዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ በእግሩ ተጓዘ፤ በ1927 ኒውዮርክ ውስጥ ታክሲ ገጭቶት ከዚያ ወዲያ መራመድ አልሆነለትም። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ታክሲ ተሳፍሮ ባይመጣ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።